ቁጥሩን ማን ሰጠዎት?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ኒው ዮርክ ለሚገኘው ሲቲባንክ አንድ ጥቅል ሰነድ ደረሰው። ላኪው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ይመስላል። ሰነዱ ብሔራዊ ባንኩ እዚያ ካለው ሒሳብ ክፍያ የሚታዘዝበትን አሠራር ይዘረዝራል፤ የኃላፊዎች ፊርማ አርፎበታል፤ ለማረጋገጥ የሚደወልላቸው ሰዎች ስምና ስልክም ተያይዟል። ፊርማው በመዝገብ ካለው ጋር ሲተያይ ገጠመ። በቀጣዩ ወር ሁለት ደርዘን ያህል የክፍያ ትእዛዞች በፋክስ ገቡ። የባንኩ ሰዎች ደንቡ እንደሚለው ስልክ ደወሉ፤ ተነሣላቸው፤ ማረጋገጫም አገኙ። 27 ሚሊዮን ዶላር ተከፋፍሎ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አውስትራሊያ፣ ቻይናና ሌሎች አገሮች ውስጥ ወዳሉ ሒሳቦች ሄደ።

በኋላ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ እንዳስረዳው፣ የተደወለባቸው ቁጥሮች ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ሞባይሎች ነበሩ። ጉዳዩ የፈነዳው ገንዘቡ ከደረሳቸው ባንኮች አንዳንዶቹ መልሰው ሲልኩትና ብሔራዊ ባንክም «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ሲል ነው። ሲቲባንክ ገንዘቡን ተካ።

እዚህ ውስጥ የተሰበረ ኮምፒውተር የለም፤ የተጠለፈ ኔትወርክም የለም። ባንኩ አላረጋገጠም ማለትም አይቻልም፤ ደውሎ ጠይቋል። የጠየቀው ግን ሌባውን ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከትእዛዙ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋክሱ በቴሌግራም፣ ጥቅል ሰነዱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተተካ። ዘዴው ግን አልተቀየረም፤ ሌባው ጥያቄውን ይዞ ሲመጣ ጥያቄው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡበትንም መንገድ ራሱ ይዞ ይመጣል። ሊንኩ ከእሱ ነው፣ ስልክ ቁጥሩ ከእሱ ነው፣ «ኃላፊዬን ላገናኝዎት» የሚለውም እሱ ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው ማጭበርበሮች መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚፈርሱት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን የማረጋገጫ መንገድ እኔ ከዚህ በፊት አውቀው ነበር ወይስ አሁን ነው የተሰጠኝ?

ኮዱ ፊርማ ነው

ወደ ስልክዎ በጽሑፍ የሚመጣው አጭር ቁጥር፣ ለቴሌግራም 5 አሃዝ፣ ለዋትስአፕ 6 አሃዝ፣ ለባንክና ለኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ 6 አሃዝ፣ የእርስዎ ፊርማ ነው። ከማዶ ያለው ኮምፒውተር ፊትዎን አያይም፣ ድምፅዎን አይሰማም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር ያስገባው ሰው ሲም ካርዱን የያዘው ሰው ነው። ሌባው ስምዎን፣ ስልክ ቁጥርዎን፣ የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት፣ የልጅዎን ፎቶ ሳይቀር ከፌስቡክ ሊያገኝ ይችላል። ኮዱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማግኘት የሚችለው ከእርስዎ ነው። የሚያወራዎትም ለዚያ ነው።

በቴሌግራም በብዛት የሚታየው አካሄድ ይህን ይመስላል። ከሚያውቁት ሰው፣ ለምሳሌ ከድሮ የክፍል ጓደኛ፣ መልእክት ይመጣል፦ «የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ እባክህ አንድ ድምፅ ስጥልኝ።» ሊንኩን ሲነኩት የውድድር ገጽ ይከፈታል፤ የልጆች ፎቶ አለ፣ የድምፅ ቁጥር አለ። «ድምፅዎ እንዳይደገም በስልክ ቁጥርዎ ይግቡ» ይላል። ቁጥርዎን ሲጽፉ ሌባው በዚያው ቅጽበት ቁጥሩን እውነተኛው ቴሌግራም ላይ ያስገባዋል። ቴሌግራም ኮድ ይልክልዎታል። ኮዱ እውነተኛ ነው፤ የሚመጣውም ከእውነተኛው ቴሌግራም ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ኮዱን ገጹ ላይ ሲጽፉ አካውንትዎ ሌላ ስልክ ላይ ተከፈተ።

ኮዱን በቴሌግራም ቻት ላይ ጽፈው ለሌላ ሰው ከላኩት ቴሌግራም ራሱ ያከሽፈዋል። ሌቦች ይህን ስለሚያውቁ «ስክሪንሾት ላክልኝ»፣ «በአጭር መልእክት ላክልኝ»፣ «በቁጥሮቹ መሐል ክፍተት አድርግ» ይላሉ፤ ወይም ከላይ እንዳየነው በራሳቸው ገጽ ላይ ያስጽፋሉ። ኮድ በቁርጥራጭ ወይም በፎቶ ላክ የሚል ሰው ከገጠመዎ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

አካውንቱ ከተያዘ በኋላ ሌባው የራሱን ተጨማሪ ፓስወርድ ይቆልፍበታል፤ ከዚያ በእርስዎ ስም ለወዳጅ ዘመድ ይጽፋል፦ «5 ሺህ ብር በእጅህ አለ? ማታ እመልስልሃለሁ።» ገንዘቡ የሚላክበት ሒሳብ ግን የሌላ ሰው ስም ነው፤ «የኔ ሒሳብ ችግር ገጥሞት ነው» ይላል። የድሮ ቻትዎን አንብቦ ማንን «ጋሼ» እንደሚሉ፣ ማንን በቁልምጫ እንደሚጠሩ ስለሚያይ አጻጻፉ የእርስዎን ይመስላል።

መከላከያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቀጥሎ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ገብተው ፓስወርድ ያበጁ፤ ማስመለሻ ኢሜይልም ያያይዙ። ኢሜይሉን ዘለው የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ ፓስወርዱ የጠፋ ቀን ግን የሚያድነው እሱ ነው። ይህ ከተደረገ ኮዱ ብቻውን አካውንቱን አይከፍትም። ዋትስአፕ ላይም ሴቲንግስ፣ አካውንት፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ብለው ባለ 6 አሃዝ ፒን ማበጀት ይቻላል።

አካውንቱ ከተከፈተ በኋላስ? እዚህ ላይ ሰዓት ዋጋ አለው። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን ስልኮች እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ጉልበቱ የእርስዎ ነው። ስልክዎ ላይ ቴሌግራምን ሳይዘጉ፣ ሳያጠፉና እንደገና ሳይጭኑ ወደ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ይግቡ፤ ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ የሚለውን ይንኩ። ሌባው ወጣ ማለት ነው። ደንግጦ አፑን የሚያጠፋ ሰው ግን ያለውን መሣሪያ በገዛ እጁ ጣለ፤ ተመልሶ ሲገባ ሌባው ያስቀመጠው ፓስወርድ ይጠብቀዋል። ሌባው ፓስወርድ አስቀምጦ ከነበረ፣ እርስዎ ገብተው ባሉበት ስልክ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ፤ 7 ቀን ይወስዳል። ዋትስአፕ ይቀላል፤ ቁጥርዎን በራስዎ ስልክ እንደገና ሲያስመዘግቡና የመጣልዎትን ኮድ ሲያስገቡ ሌባው ወዲያው ይወጣል፤ የማያውቁት ፒን ቢጠየቁም 7 ቀን ጠብቀው ይገባሉ፤ በዚያ ሳምንት እሱም መጠቀም አይችልም።

ይሉኝታ እንደ ቀዳዳ

«እንዴት በዚህ ይሸወዳል?» የሚለው ጥያቄ ለሌባ ይጠቅማል። የተሸወደውን ዝም ያሰኛል፣ ያልተሸወደውን ያዘናጋል። ማጭበርበር የሚሠራው በዕውቀት ማነስ ላይ ሳይሆን በአፍታ ሁኔታ ላይ ነው። ሐኪሙም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም ወረፋ ይዞ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ፣ ልጁ ታሞበት ሳለ ስልክ ሲደወልለት የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ሌባው የሚፈጥረው ይህንኑ ነው። «በ10 ደቂቃ ውስጥ ሒሳብዎ ይዘጋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሥራው ማስፈራራት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ጠይቀው፣ ተረጋግተው እንዳይመለሱ ያደርጋል።

በእኛ አገር ደግሞ ከጥድፊያው በላይ የሚጎዳ አንድ ነገር አለ፤ ይሉኝታ። በትሕትና የሚያናግርን ሰው ጆሮው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ሆኖ ያደግን ነን። «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ይቅርታ ጊዜዎን ወሰድኩ» ብሎ የሚጀምርን ወጣት «አላምንህም» ለማለት አፍ ይተሳሰራል። አጭበርባሪዎች ትሕትናውን የሚያበዙት በከንቱ አይደለም። በዚያ ላይ ስም ይጠራሉ፣ ሒሳቡ የተከፈተበትን ቅርንጫፍ ይጠቅሳሉ፣ የጀርባ ድምፅ ሳይቀር የቢሮ ይመስላል። ካመነቱ ድምፁ ይለወጣል፤ «እኛ ለእርስዎ ብለን ነው፤ ኋላ ኃላፊነቱ የራስዎ ነው» ይላል። ያኔ ሰው የሚፈራው ሌባውን መሆኑ ይቀርና ጥፋተኛ መሆንን ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን ነውር የሌለበት ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ አፍ ላይ መቀመጥ አለበት፦ «እሺ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔ ራሴ ለባንኩ እደውላለሁ።» መከራከር አያስፈልግም፣ መሳደብ አያስፈልግም። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ በዚህ አይከፋም። ሌባ ግን እንዳይዘጉ ይለምናል ወይም «በዚሁ ቁጥር መልሰው ይደውሉ» ይላል። ከዚያ የሚደውሉት የኤቲኤም ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ወይም አስቀድመው በሚያውቁት አጭር ቁጥር ነው፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994። ቁጥሩን ጎግል ላይ ከመፈለግ ካርዱን ማየት ይሻላል፤ ሌቦች ሐሰተኛ የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ።

ባንክም ሆነ ቴሌኮም ፒንዎን ወይም የመጣልዎትን ኮድ ደውሎ አይጠይቅም። ሥርዓቱ የተሠራው ሠራተኛው እንዳያውቀው ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ «አረጋግጣለሁ» ቢልዎት የሚያመሳክርበት ነገር የለውም።

የተሳሳተ ብር

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመጣ አንድ ማጭበርበር አለ። አጭር መልእክት ይደርስዎታል፦ 3,500 ብር ገቢ ሆኗል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ ይደወላል፤ የተረበሸ ሰው ነው። «በስሕተት ወደ እርስዎ ላክሁ፤ ለታመመች እናቴ መድኃኒት ነበር፤ በእመቤቴ ይመልሱልኝ።» አዛኙ ሰው ከራሱ ሒሳብ 3,500 ይልካል። የገባ ብር ግን አልነበረም፤ መልእክቱን የጻፈው ደዋዩ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የቴሌብር መልእክት ላኪ 127 ነው፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ከተራ የሞባይል ቁጥር ይመጣል፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን «ቴሌብር» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ጽሑፉን ያነባል እንጂ ከላይ ያለውን ላኪ አያይም። ሆኖም በላኪው ስም ብቻ አይተማመኑ፤ በአንዳንድ አገሮች ሌቦች የባንክን ስም ላኪ አስመስለው መልእክታቸውን ከእውነተኞቹ መልእክቶች ሥር ማስገባት ችለዋል። የመጨረሻው ዳኛ ቀሪ ሒሳብዎ ነው። *127# ደውለው ወይም አፑን ከፍተው ይዩ። ጨምሯል? ካልጨመረ የሚመለስ ነገር የለም። ጨምሮ ቢገኝም በግል አይመልሱ፤ «ለቴሌ ያመልክቱ፣ እነሱ ያስተካክላሉ» ይበሉ። ደዋዩ የተሰረቀ ገንዘብ በእርስዎ በኩል ሊያሳልፍ ፈልጎ ሊሆን ይችላልና፤ ያኔ ፖሊስ የሚያገኘው የእርስዎን ስም ነው።

ነጋዴዎች ላይ ያለው መልክ ስክሪንሾት ነው። ደንበኛው ዕቃውን ይዞ «ይኸው ከፍያለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያል። ሥዕል ማስተካከል ለማንም የሚቀል ነገር ነው፤ የእውነተኛ ደረሰኝ መልክ ያላቸው ሐሰተኛ አፖችም አሉ። ደረሰኙ ላይ የግብይት ቁጥር መኖሩም ዋስትና አይሆንም፤ የትላንት ደረሰኝ ቁጥር ዛሬ ላይ ይለጠፋል። ሱቅ ውስጥ አንድ ሕግ ይበቃል፦ የሚታመነው የገዢው ስልክ ሳይሆን የሻጩ ስልክ ነው። በራስዎ ሒሳብ ላይ ካልታየ ዕቃው ከባንኮኒው አይወጣም፤ ኔትወርክ ቢዘገይ አብሮ መጠበቅ ነው። ተቀጣሪ ሻጭ ካለ የገቢው መልእክት የሚደርሰው ለባለቤቱ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሻጩ ማየት የማይችለውን ነገር እንዲያረጋግጥ ማዘዝ ከንቱ ነው።

ሌላው የስልክ ዘዴ ጥሪ ማዛወር ነው። «ሽልማትዎን ለማግኘት ይህን ይደውሉ» ብለው በ*21* ጀምሮ ስልክ ቁጥር ተከትሎ በ# የሚያልቅ ነገር ያስደውላሉ። ይህ ወደ እርስዎ የሚመጣን ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ቁጥር ያዛውራል። ዋትስአፕ ኮዱን በድምፅ ጥሪ የመናገር አማራጭ ስላለው፣ ሌባው ያንን ጥሪ በራሱ ስልክ ይሰማዋል፤ እርስዎ ኮድ ለማንም ሳይሰጡ አካውንትዎ ይሄዳል። *#21# ሲደውሉ ጥሪዎ መዛወሩን ያሳያል፤ ##002# ሁሉንም ማዛወር ይሰርዛል። የሰው ቁጥር ያለበትን የኮከብና የመሰላል ኮድ በሌላ ሰው ትእዛዝ አይደውሉ።

በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ ፋይል፣ ማለትም ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን አፕ፣ «የባንክ ማሻሻያ» ቢባልም አይጫን። እንዲህ ያሉ አፖች ሲጫኑ አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ከተሰጣቸው ስክሪኑን ያነባሉ፣ በእርስዎ ቦታ ይነካሉ፣ አጭር መልእክትዎን ያያሉ። «ልርዳዎት» ብሎ እንደ ኤኒዴስክ ያለ ስክሪን ማጋሪያ የሚያስጭን ደዋይም እንዲሁ ነው።

ላይክ አድርጎ መክበር

«በቀን ከ500 እስከ 2,000 ብር፣ ከቤት ሳይወጡ።» ሥራው ቪዲዮ ላይክ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ላይክ አድርገው 150 ብር ይገባልዎታል፤ እውነተኛ ብር ነው። ይህች ብር የማጥመጃዋ ዋጋ ናት። ቀጥሎ «ቪአይፒ ሥራ» ይመጣል፤ 1,000 ያስገቡ፣ 1,300 ይወስዳሉ። ይከፈልዎታል። ቀጥሎ 5,000፤ እዚህ ላይ ብሩ «ሲስተሙ ላይ» ብቻ ይታያል። ለማውጣት ሲሞክሩ «አንድ ሥራ ተሳስተዋል፤ ለማስተካከል 12,000» ይባላሉ፤ ቀጥሎ «15 በመቶ ግብር»፣ ቀጥሎ «የማስለቀቂያ ክፍያ»። በግሩፑ ውስጥ «እኔ 80 ሺህ አወጣሁ» እያሉ የሚጽፉት ሁሉ የሌባው አካውንቶች ናቸው። ሰውን እዚህ የሚያቆየው ስግብግብነት ሳይሆን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ ያስገባውን 5,000 ላለማጣት 12,000 ይጨምራል። ትክክለኛ ግብር ከሚከፈልዎት ላይ ይቀነሳል እንጂ እንዲከፈልዎ አስቀድመው አይከፍሉትም። ደመወዝ ለመቀበል የሚከፈልበት ሥራ የለም።

ከዚህ ጀርባ ስላለው ሰው አንድ ነገር ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ማይንማር ውስጥ ማያዋዲ አካባቢ ካሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡ 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎች ወደ እነዚያ ግቢዎች የገቡት ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው ነው። እዚያ ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ተወስዶ በግድ ሰው እንዲያታልሉ ይደረጋሉ። የሥራ ማስታወቂያው ራሱ ሁለት ዓይነት ወጥመድ ነው፤ አንዱ ገንዘብ ይወስዳል፣ ሌላው ሰውን።

አስመጪዎችና ቤተሰቦች

አስመጪ ከሆኑ ትልቁ አደጋ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ለሁለት ዓመት አብሮዎት የሠራ የቻይና አቅራቢ «ሒሳባችን በኦዲት ላይ ስለሆነ ቀሪውን ክፍያ በዚህ አዲስ ሒሳብ ይላኩ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮፎርማው ትክክል ነው፣ የዕቃው መጠን ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ከሁለት አንዳችሁ ኢሜይል ተከፍቶ ሌባው ለሳምንታት ሲያነብ ቆይቷል። የኢሜይል አድራሻው አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሮ ይሆናል፤ ኤም በሚለው የላቲን ፊደል ቦታ አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ዓይን አይለያቸውም። ይህ ለትንሽ ነጋዴ ብቻ የመጣ አይደለም። ጎግልና ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የታይዋን ዕቃ አቅራቢያቸውን ስም ይዞ ሐሰተኛ ደረሰኝ ለላከ አንድ የሊቱዌኒያ ዜጋ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለዋል፤ ሰውየው በ2019 አምስት ዓመት ተፈረደበት። የባንክ ሒሳብ ለውጥ ሲመጣ ከአሮጌው ውል ወይም ከመጀመሪያው ቢዝነስ ካርድ ላይ ያለውን ስልክ አውጥተው በድምፅ ያነጋግሩ። በዊቻት መጠየቅ አይበቃም፤ እሱም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይህን ደንብ የሚያፈርሰው ራሱ አለቃው ነው፤ «ቶሎ ክፈል፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደውላ ስትጠይቅዎት እርስዎ የሚቆጡ ከሆነ፣ ሌባው የሚጠቀመው ቁጣዎትን ነው።

ድምፅስ ያስተማምናል? ከእንግዲህ ብቻውን አይደለም። ከቲክቶክ ወይም ከድምፅ መልእክት በተወሰደ አጭር ናሙና የሰው ድምፅ ይኮረጃል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የአንድ የብሪታንያ ምሕንድስና ኩባንያ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ የፋይናንስ ኃላፊውንና ባልደረቦቹን አይቶ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላልፏል፤ በስብሰባው ላይ የነበሩት ሌሎቹ ሁሉ በኮምፒውተር የተሠሩ ነበሩ። ቤተሰብ ውስጥ፣ በተለይ ልጅ ውጭ አገር ሆኖ እናት እዚህ ስትሆን፣ ማንም ፌስቡክ ላይ የማያገኘው ጥያቄ አስቀድሞ መያዝ ጥሩ ነው። «የፋሲካ ዕለት ዶሮዋን ማን አረዳት?» ዓይነት። የልደት ቀንና የትምህርት ቤት ስም ለዚህ አይሆኑም። ከዚያም ስልኩን ዘግቶ በተለመደው ቁጥር መደወል።

ውጭ ላሉት ጥቂት ነጥቦች። ሳዑዲ ያላችሁ፣ የአብሸር (የመንግሥት አገልግሎት መስጫው አፕ) ኮድ ከባንክ ኮድ አይተናነስም፤ በስማችሁ ሲም ወይም ሒሳብ ሊወጣበት ይችላል፤ ለደላላም ለአሠሪ ዘመድም አይሰጥም። እስራኤል ውስጥ «ዕቃዎ ፖስታ ቤት ደርሷል፣ ጥቂት ሰቅል ይክፈሉ» የሚለው መልእክት የካርድ ቁጥር መሰብሰቢያ ነው፤ የብሔራዊ ሳይበር ዳይሬክቶሬት መስመር 119 ነው። ብሪታንያ ውስጥ 159 ሲደወል ከአብዛኞቹ ትላልቅ ባንኮች ጋር ያገናኛል፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮም ተታሎ በአገር ውስጥ ዝውውር የላከ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ ሊተካለት የሚችልበት ደንብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ወሳኙ ማን ላከው የሚለው ነው። ኮዱን አታሎ ወስዶ ሌባው ራሱ ካስተላለፈ፣ ሕጉ «ያልተፈቀደ ዝውውር» ይለዋል፤ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከቱ የሚጠየቁት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ተታለው እርስዎ ራስዎ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ አገልግሎት) ከላኩት ግን ባንኩ የመመለስ ግዴታ ብዙ ጊዜ የለበትም። ስለዚህ ለባንኩ ሲናገሩ «ዜል ላይ ተጭበረበርኩ» ብለው አይጠቅልሉት፤ ማን ምን እንደነካ በቅደም ተከተል ያስረዱ።

የመጀመሪያው ሰዓት

ገንዘቡ ከወጣ፣ ከመጮህም ከመተከዝም በፊት ለባንክዎ ወይም ለቴሌብር ይደውሉ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የእኔ ሒሳብ ይታገድ፤ የተላከበት ሒሳብም ላይ ያለው ገንዘብ እንዳይወጣ ይያዝ። ሌባው ገንዘቡን በኤቲኤም ለማውጣት ወይም ወደ ሦስተኛ ሒሳብ ለማሸጋገር ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ሩጫው ከዚያ ጋር ነው። የግብይት ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ የተቀባዩን ስምና ሒሳብ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ከሌላ ስልክ ሆነው ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ከኢሜይሉ ይጀምሩ፣ የሌሎቹ ሁሉ ማስመለሻ ወደ እሱ ስለሚመጣ። ሦስተኛ፣ ለዘመድ ወዳጅ «አካውንቴ ተይዟል፣ ብር አትላኩ» ይበሉ። በዚህ የሚያፍር ሰው ሌባው ሌላ ሦስት ሰው እስኪዘርፍ ጊዜ ይሰጠዋል።

ቻቱን አያጥፉ። ከንዴት የተነሣ ብሎክ አድርጎ ሁሉንም የሚሰርዝ ብዙ ነው፤ የሌባው ስልክ ቁጥር፣ የቴሌግራም ስም፣ የሊንኩ አድራሻ ሁሉ ለፖሊስ ማስረጃ ነው። ስክሪንሾት ሲያነሡ ቀንና ሰዓቱ፣ ላኪውም እንዲታይ ያድርጉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚታይ ነው። ባንኩ የሌላን ሰው ሒሳብ ለረጅም ጊዜ አግዶ ለማቆየት ወይም ዝርዝሩን ለመስጠት ከፖሊስ ወይም ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የባንኩ ስልክና የፖሊስ ጣቢያው ጉዞ በአንድ ቀን መሆን አለባቸው።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ መልእክት ይመጣ ይሆናል። «የጠፋብዎትን ገንዘብ የሚያስመልስ የሳይበር ባለሙያ ነኝ፤ ገንዘቡን አግኝቼዋለሁ፣ የሥራ ማስኬጃ 10 በመቶ ብቻ ያስቀድሙ።» ስምዎን ያውቃል፣ የጠፋብዎትን መጠን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ያስቡ፤ መጠኑን የሚያውቁት እርስዎ፣ ባንክዎ፣ ፖሊስና የወሰደው ሰው ናችሁ። ባንክና ፖሊስ ደግሞ ገንዘብ ለመመለስ ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር አይጠይቁም።